ፍሬድሪክ ዳግላስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ መኪና የነዳ ሐበሻ ስሙን ቢያንስ በድልድይነት ያውቀዋል። በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ ያለው፣ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2021 የተከፈተው ድልድይ የፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ ነው። ሰውየው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ «ባሪያ ነበር፣ አመለጠ፣ ጎበዝ ተናጋሪ ሆነ» ተብሎ ይታለፋል። ከዚህ በታች ያሉት ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእኛንም ጨምሬያለሁ።

ባጭሩ ማን ነበር?

ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ በ20 ዓመቱ አምልጦ፣ የአሜሪካን ባርነት በንግግር፣ በመጽሐፍና በጋዜጣ የተዋጋ ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩን ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ በ1845፣ በ1855 እና በ1881። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩ አሜሪካውያን ሁሉ ብዙ ፎቶግራፍ የተነሣውም እሱ ነው፤ እስካሁን 160 ያህል ተገኝቶለታል። ፎቶዎቹን ያየ ሰው ፈገግታ ሲፈልግ ይደክማል። የዘመኑ ሥዕሎች ጥቁርን ሰው በባርነቱ ተደስቶ ጥርሱን የሚገልጥ አድርገው ያሳዩት ስለነበር፣ ዳግላስ ካሜራውን ፊቱን አጥብቆ ነበር የሚያየው።

የተወለደው መቼ ነው?

በፌብሩዋሪ 1818፣ ቶልበት በተባለው የሜሪላንድ ወረዳ። ቀኑ አይታወቅም። የእናቱ ባለቤት የነበረው አሮን አንቶኒ የባሪያዎቹን ልደት ከሌላው ንብረቱ ጋር በመዝገብ ይይዝ ነበር፤ እዚያ ላይ «ፍሬድሪክ ኦገስተስ፣ የሃሪየት ልጅ» ተብሎ ወሩና ዓመቱ ብቻ ሰፍሯል። ዳግላስ መዝገቡን ስላላየ ለብዙ ዘመን የተወለደው በ1817 ይመስለው ነበር። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ «የኔ ቫለንታይን» ትለው ስለነበር ፌብሩዋሪ 14ን ልደቱ አደረገው።

እናቱን ያያት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ያውም በሌሊት። 12 ማይል ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ ስትሠራ ውላ፣ በእግሯ መጥታ አስተኝታው ጎህ ሳይቀድ ትመለስ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች። ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ናት። አባቱ ነጭ ነበር፤ ራሱ አንቶኒ ነው ይባል ነበር።

ለባሪያ ማንበብ ክልክል በሆነበት አገር እንዴት ፊደል ቆጠረ?

ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

በስምንት ዓመቱ ባልቲሞር ወደሚኖሩት ሂዩ ኦልድ እና ሚስቱ ሶፊያ ተላከ፤ ልጃቸውን ቶሚን እንዲጠብቅ። ሶፊያ ከዚያ በፊት ባሪያ ኖሯት አያውቅም፤ ሕጉም ልማዱም ገና አልገባትም። ልጁ ሲለምናት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ማስተማር ጀመረች። ባሏ ደረሰባትና እዚያው ልጁ ፊት ተቆጣት። ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይሆንም፣ ያዢም አይኖረው፤ የነገሩ ፍሬ ይህ ነበር። እኛ «የተማረ ይግደለኝ» እንላለን፤ ሂዩ ኦልድ የፈራው ደግሞ የተማረውን ነው። ትንሹ ፍሬድሪክ ግን ከዚያ ቁጣ ከሶፊያ ትምህርት የበለጠ ተማረ። ጌታው ይህን ያህል የሚፈራው ነገር፣ የነፃነት መንገድ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪዎቹ የሰፈሩ ድሃ ነጭ ልጆች ሆኑ። እሱ ቤት ዳቦ አለ፣ እነሱ ይርባቸዋል፣ ማንበብ ግን ይችላሉ። ለመልእክት ሲወጣ ዳቦ በኪሱ ይዞ በአንድ ቁራሽ አንድ ትምህርት ይገዛ ነበር። መጻፍን የጀመረው ከመርከብ መሥሪያው ነው፤ አናጢዎቹ እያንዳንዱ ሳንቃ የመርከቡ የትኛው ጎን ላይ እንደሚውል በፊደል ምልክት ያደርጉበታል። እነዚያን አራት ፊደላት አጠና። ቀጥሎ «እንደኔ የሚጽፍ ከናንተ ማን አለ?» እያለ ልጆቹን እልህ ያስገባል፤ እነሱ ሊበልጡት የሚጽፉትን ያያል፣ ይቀዳል። ደብተሩ አጥርና የድንጋይ ንጣፍ፣ እስክሪብቶው ጠመኔ ነበር። ቤት ባዶ ሲሆን ደግሞ በቶሚ ያለቀ ደብተር ክፍት ቦታዎች ላይ ይለማመዳል።

12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባጠራቀማት 50 ሳንቲም ለተማሪዎች የተዘጋጀ የንግግሮች ስብስብ ገዛ። በውስጡ አንድ ባሪያ ከጌታው ጋር ተከራክሮ ሲረታና ነፃ ሲለቀቅ የሚያሳይ ጭውውት አለ። ኋላ መድረክ ላይ የሚያስደንቀው አንደበቱ ከዚያች መጽሐፍ ብዙ ወስዷል። ማንበብ መከራም እንደሆነበት አልደበቀም፤ የታሰረበትን ገመድ አሳይቶት መፍቻውን ስላልሰጠው፣ ምነው ምንም ባላወቅሁ ያለበት ጊዜ ነበር።

ኮቪ የሚባለው ሰው ማነው? እውነት ተደባድበዋል?

አዎ። በ1833 ወደ ገጠር፣ ወደ ሂዩ ወንድም ወደ ቶማስ ኦልድ ተመለሰ። ቶማስ «አልገዛ አለኝ» ብሎ ከጃንዋሪ 1834 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ለኤድዋርድ ኮቪ አከራየው። ኮቪ እንቢተኛ ባሪያ በመስበር የታወቀ ገበሬ ነው፤ ሰዎች ባሪያቸውን በርካሽ ያከራዩታል፣ እሱ ገርቶ ይመልስላቸዋል። ልክ እንደ በሬ።

ስድስት ወር ሙሉ ተገረፈ፣ ተሰበረም፤ ይህን ራሱ ነው የሚናገረው። በኦገስት አንድ ቀን ስንዴ ላይ ሲሠራ ፀሐይ መትቶት ወደቀ። ኮቪ በወደቀበት መታው። ደሙን እያዘራ ሰባት ማይል ሄዶ ለቶማስ ቢያመለክት መልሶ ላከው። ከዚያ በኋላ ኮቪ ሊያስረው ሲሞክር ዳግላስ የኮቪን አንገት አነቀ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ታገሉ። ኮቪ ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቱን አላነሳበትም። ለምን ለሕግ አልሰጠውም? ዳግላስ እንደሚገምተው፣ የሚበላው በስሙ ስለሆነ ነው፤ 16 ዓመት ልጅ አሸነፈኝ ብሎ የሚከስ ባሪያ ሰባሪ ማን ይቀጥረዋል? በመጽሐፉ ይህን ታሪክ የሚጀምረው «ሰው እንዴት ባሪያ እንደተደረገ አይታችኋል፤ ባሪያ እንዴት ሰው እንደሆነ ደግሞ ታያላችሁ» ብሎ ነው።

እንዴት አመለጠ?

በባቡር፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ በፊት በ1836 ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ሊያመልጥ አስቦ ተይዞ ታስሯል። ሁለተኛው ሙከራ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 ሆነ። በዚያን ጊዜ ባልቲሞር ውስጥ የመርከብ ስንጥቅ ይደፍን ነበር፤ የሳምንቱን ደመወዝ ግን ለሂዩ ኦልድ ያስረክባል። የመርከበኛ ልብስ ለበሰ፣ ከአንድ ነፃ ጥቁር መርከበኛ የመታወቂያ ወረቀት ተዋሰ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ የተገለጸው መልክ የሱ አይደለም፤ ባለ ወረቀቱ ከሱ በጣም ይጠቁራል። ስለዚህ ጣቢያ ላይ ቆሞ ትኬት ቢገዛ በደንብ ይመረመራል። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ገባ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለችውን የአሜሪካ ንስር አይቶ ገንዘቡን ተቀብሎ አለፈ። መንገድ ላይ የሚያውቀው ጀርመናዊ ብረት ቀጥቃጭ ትክ ብሎ አየው፤ ሳያውቀው አይቀርም፣ ግን አፉን አልከፈተም። በባቡር፣ በጀልባ፣ በመርከብ፣ እንደገና በባቡር ተጉዞ ኒውዮርክ ገባ። ከ24 ሰዓት አይበልጥም።

በ1845ቱ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ብትፈልጉ አታገኙትም። ሌሎች የሚያመልጡበት በር እንዳይዘጋ ሆን ብሎ ተወው። የባሪያ ማስመለጫውን መስመር በየአደባባዩ የሚያወሩ ደጋፊዎችንም ለባለቤቶቹ ፍንጭ ትሰጣላችሁ ብሎ ወቅሷል። ዝርዝሩን ሙሉ ለሙሉ በመጽሐፍ ያወጣው ባርነት ከቀረ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1881 ነው።

ሚስቱ አና ለምን ብዙ አትነሣም?

ጥፋቱ በከፊል የራሱ ነው። አና መሪ ነፃ ሆና የተወለደች፣ ባልቲሞር በሰው ቤት ሠራተኝነት የምትኖር ሴት ነበረች። ለማምለጫው ገንዘብ ያዋጣችው እሷ ናት፤ የላባ ፍራሿን ሸጣለች ይባላል። እሱ ኒውዮርክ እንደደረሰ ተከተለችው፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን ተጋቡ። ያጋባቸው ጄምስ ፔኒንግተን ራሱ ከባርነት ያመለጠ ቄስ ነበር። አምስት ልጆች ወለዱ። እሱ ለወራት፣ አንዴም ለሁለት ዓመት ገደማ ከቤት ሲርቅ ጫማ እየሰፋች ቤቱን ያቆመችው አና ናት፤ የሸሹ ሰዎች ደጃቸውን ሲያንኳኩ ከፍታ የምታስተናግደውም እሷ። በደንብ ማንበብ ሳትችል 44 ዓመት በትዳር ኖራ በ1882 ሞተች። ባሏ በሦስቱም መጽሐፎቹ ስለ እሷ የጻፈው ተሰብስቦ ጥቂት ገጽ አይሞላም። ስለ ራሱ ሕይወት ያን ያህል የጻፈ ሰው ይህን ማጉደሉ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። ልጃቸው ሮዜታ ኋላ ስለ እናቷ ጽፋ ክፍተቱን በጥቂቱ ሞልታዋለች።

«ዳግላስ» ትክክለኛ ስሙ ነው?

የወጣለት ስም ፍሬድሪክ ኦገስተስ ዋሽንግተን ቤይሊ ነው። አሳዳጆች እንዳያገኙት ስሙን ቀየረ። ኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ያስጠጋው ናታን ጆንሰን የሚባል ጥቁር ሰው አንድ የስኮትላንድ ግጥም እያነበበ ስለነበር ከዚያ «ዳግላስ»ን መረጠለት። «ፍሬድሪክ»ን ግን አትንካብኝ አለው።

አምልጦ ከተደበቀ ለምን ስሙንና ጌቶቹን ጠቅሶ መጽሐፍ ጻፈ?

ስላላመኑት። ከ1841 ጀምሮ የማሳቹሴትስ ፀረ ባርነት ማኅበር ተናጋሪ ሆኖ ሲዞር፣ አነጋገሩን የሰሙ «ይህ ሰው ባሪያ ሆኖ አያውቅም» ይሉ ጀመር። አብረውት የሚሠሩ ነጮች ደግሞ ታሪኩን ብቻ እንዲናገር፣ ፍልስፍናውን ለእነሱ እንዲተው፣ የእርሻ ቤት አነጋገርም ጣል እንዲያደርግበት ይመክሩት ነበር። በ1845 ሁሉንም በስም ጽፎ አወጣ፤ በአራት ወር ውስጥ 5,000 ቅጂ ተሸጠ። አሁን የት እንዳለ ጌታው አወቀ። ስለዚህ ወደ አየርላንድና ብሪታንያ ተሻገረ።

በገንዘብ ተገዝቶ ነፃ ወጣ የሚባለውስ?

እውነት ነው። ቶማስ ኦልድ ባለቤትነቱን ለወንድሙ በ100 ዶላር አስተላለፈ፤ በኒውካስል የሚኖሩት የሪቻርድሰን ቤተሰብ ሴቶች ገንዘብ አሰባስበው በ1846 መጨረሻ ለሂዩ ኦልድ 150 ፓውንድ፣ በአሜሪካ ገንዘብ 711 ዶላር ከ66 ሳንቲም ከፈሉ። የትግል ጓዶቹ ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ሰው በዋጋ እንደሚሸጥ አመንክ ማለት ነው አሉት። እሱ ነገሩን እንደ ወንበዴ ቤዛ ነው ያየው፤ ለወንበዴ የከፈለ ወንበዴነትን አላጸደቀም። ሚስቱና ልጆቹ አሜሪካ ያሉ ሰው ሊመልስ የሚችለው ይህንኑ ይመስለኛል። በ1847 ተመልሶ ሮቸስተር ላይ «ኖርዝ ስታር» የተባለውን ጋዜጣ ጀመረ።

የጁላይ 4 ንግግሩ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች የሚባለው እውነት ነው?

አለች፣ ያውም መጨረሻው አካባቢ። በ1852 የሮቸስተር ሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ስለ ነፃነት በዓል እንዲናገር ጋበዘው። ጁላይ 4 ሳይሆን ጁላይ 5 ቆመና «ይህ በዓል የናንተ ነው፣ የኔ አይደለም፤ እናንተ ተደሰቱ፣ እኔ ላልቅስ» አላቸው። ያን ሁሉ ወቀሳ አውርዶ ወደ ተስፋ ሲዞር የጠቀሰው መዝሙረ ዳዊትን ነው፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች»።

እዚህ ላይ ኩራታችንን ትንሽ ገታ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ለጥቁር አሜሪካውያን «ኢትዮጵያ» ማለት መላው የጥቁር ሕዝብ፣ መላው አፍሪካ ነበር። ዳግላስ ስለ ጎንደር ማውራቱ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ካሣ ኃይሉም ገና ቴዎድሮስ አልተባሉም። ቢሆንም ጥቅሱን እነሱ በስብከታቸው እኛ በቅዳሴያችን አካባቢ ስንደጋግመው መኖራችን ደስ ይላል። አፍሪካን በዓይኑ ያየው በ1887 ግብፅ ሄዶ ነው፤ 69 ዓመቱ ላይ ትልቁን ፒራሚድ ወጥቷል።

ጆን ብራውንን ለምን አልተከተለም?

ወጥመድ ነው ብሎ ስላመነ። ባርነትን በጦር መሣሪያ ለመጣል የተነሣው ነጩ ብራውን ሃርፐርስ ፌሪ ያለውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዝ አስቦ፣ በኦገስት 1859 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ የድንጋይ ካባ ተገናኙ። ዳግላስ ገብታችሁ አትወጡም አለው። አብሮት የመጣው፣ ከባርነት ያመለጠው ሺልድስ ግሪን ግን «እኔ ከሽማግሌው ጋር እሄዳለሁ» አለ፤ ሄደ፣ ተያዘ፣ ተሰቀለ። ዳግላስ ስሙ ስለተነሣ ወደ ካናዳ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። እዚያ እያለ የአሥር ዓመት ልጁ አኒ ሞተችበት።

ከሊንከን ጋር ወዳጅ ነበሩ?

ወዳጅነቱ በክርክር የተጀመረ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ዳግላስ ጥቁር ወታደሮችን መለመለ፤ ልጆቹ ሉዊስና ቻርልስ በማሳቹሴትስ 54ኛ ክፍለ ጦር ገቡ። ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ጥቁሩ 10 ዶላር ይመደብለትና ከዚያም 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥበት ነበር። በኦገስት 1863 ቤተ መንግሥት ሄዶ ይህንኑ ለሊንከን ነገረው። ሊንከን አዳመጠው፣ ቶሎ ግን አላስተካከለውም፤ የደመወዙ ሕግ የተቀየረው በ1864 ነው። በማርች 1865 ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ በፈጸመ ዕለት ማታ፣ በቤተ መንግሥቱ ግብዣ ላይ ዳግላስን ፖሊሶች በር ላይ መለሱት። ስሙን አስልኮ ሲገባ ሊንከን «ወዳጄ ዳግላስ መጣ» ብሎ ከሕዝቡ መሀል ተቀበለው፤ ንግግሬን እንዴት አየኸው ብሎም ጠየቀው። ሊንከን ከተገደለ በኋላ ባለቤቱ ምርኩዙን ልካለታለች።

ዳግላስ ግን ሙት ወቃሽ አይደለሁም ብሎ ዝም አላለም። በ1876 የሊንከን ሐውልት ሲመረቅ፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ባለበት፣ ሊንከን በዋነኝነት የነጮች ፕሬዚዳንት እንደነበር ተናግሯል። በዚያው ንግግር ውለታውንም አልካደም።

ስለ ሴቶች መብትስ?

በ1848 ሴኔካ ፎልስ በተደረገው ጉባኤ፣ ሴቶች ይምረጡ የሚለውን ሐሳብ ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ስታቀርብ ተነሥቶ ደገፈ። በ1869 ግን የጥቁር ወንዶች ድምፅ ይቅደም ብሎ ከእነ ስታንተን ጋር ተጣላ፤ ኋላ ታርቀዋል። የሞተው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895፣ ከሴቶች ጉባኤ ውሎ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ነጭ ማግባቱ ለምን ያን ያህል አነጋገረ?

አና ከሞተች በኋላ፣ በጃንዋሪ 1884፣ 20 ዓመት ገደማ የምታንሰውን ሄለን ፒትስን አገባ። ልጆቹ አኮረፉ፣ ባርነትን ይቃወም የነበረው የሄለን አባት ሳይቀር ፊቱን አዞረ፤ ጥቁሩም ነጩም ጋዜጣ ተሳለቀ። የመጀመሪያዋ ሚስቴ የእናቴ መልክ ነበራት፣ ሁለተኛዋ የአባቴ፤ ዳግላስ እንዲህ እያለ ይቀልድ ነበር።

የቀድሞ ጌታውን ይቅር ብሎታል?

በ1848 ለቶማስ ኦልድ በጋዜጣው ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ የተጨረሰው «ሰው ነኝ እንዳንተው፤ ባሪያህ ግን አይደለሁም» በሚል ነው። አያቴን አርጅታ ሳለ ጫካ ጥለሃታል ብሎም ከሶታል። ይህኛው ስህተት ነበር፤ ቶማስ ወደ ቤቱ ወስዶ እንደጦራት ሲያውቅ በአደባባይ አረመ።

በ1877 የዋሽንግተን ማርሻል (የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሹም) ሆኖ በተሾመበት ዓመት፣ ቶማስ አርጅቶ አልጋ ላይ ሳለ አስጠራው። አሮጌው ሰው «ማርሻል ዳግላስ» ብሎ ሲጠራው «ላንተ እንደ ድሮው ፍሬድሪክ ነኝ» አለው። ሁለቱም አለቀሱ። ስለ መኮብለሉ ምን እንደሚያስብ ሲጠይቀው፣ ባንተ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር አለው። ዳግላስም «የሸሸሁት ካንተ አይደለም፣ ከባርነት ነው» ብሎ መለሰ። የተወለደበትን ወር የነገረውም በዚያ አልጋ ላይ ነው።

በእኛ አገር ከሱ ጋር የሚነጻጸር አለ?

ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የቀረው በ1942፣ በእኛ 1934 ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። የትግል ተናጋሪ አልነበረም እንጂ፣ በፊደል በኩል የሚቀርበው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተፈንግሎ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

በ1845ቱ። አጭር ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል፣ እንግሊዝኛውም አያስቸግርም። የ1855ቱ በሐሳብ የበሰለ ነው። የመጨረሻው ረጅም ነው፤ ሹመቶቹንና ግብዣዎቹን ማለፍ ትችላላችሁ፣ የማምለጫውን ምዕራፍ ግን አትዝለሉ።

ቤቱን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ሴዳር ሂል ይባላል፤ አናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ነው፤ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይጠብቀዋል። ከኮረብታው ሥር ያለው ሰፈር ሲመሠረት ለጥቁር እንዳይሸጥ ደንብ ነበረው። ዳግላስ ሲሞት ኑዛዜው በቂ ምስክር ስላልነበረበት ቤቱ ለሄለን አልጸናም፤ ተበድራ ከልጆቹ ድርሻቸውን ገዝታ ነው እንዳለ ያቆየችው። ቫዮሊኑ፣ መጻሕፍቱ፣ ጓሮ ደግሞ ብቻውን የሚጽፍባት መስኮት የሌላት ትንሽ የድንጋይ ጎጆ አሉ። ደረጃው ያደክማል። በረንዳው ላይ ስትደርሱ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከወንዙ ማዶ ካፒቶሉ ፊት ለፊት ይታያል።